ንጉሩሞ አላሸነፈም

ሙሆንጃ ሺቫቺ የበሬ ፍልሚያ ለማየት ዘይቱን ዛፍ ላይ መውጣት የጀመረችው የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። አሁንም ትወጣለች።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በምዕራብ ኬንያ በእኛ በኢሱካዎች ዘንድ በፍልሚያ ጠዋት ሴት በበሬ ፊት አታልፍም። ካለፈች የበሬው ልብ ይከዳዋል ይባላል። አባቷ ሽማግሌው ሺቫቺ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተዋጊ በሬ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ሣሩን የምታጭደው፣ ውሃውን የምትቀዳው፣ በረቱን የምትጠርገው እሷ ነበረች። በሬው ሜዳ በሚወጣበት ቀን ግን በር ይዘጋባታል። አንድ ቅዳሜ በጓሮ ሾለከችና ሺቱሊ ሜዳ ዳር ያለው ዘይቱን ላይ ተገኘች። ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው መከሩ። ዛፍ ላይ ያለች ሴት በበሬ ፊት አለፈች ይባላል ወይስ አይባልም? መልስ አጡለት። ተዉዋት።

አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች። በካዬጋ ገበያ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባሏ ሞምባሳ ወደብ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ፣ እዚያው ቀረ። ስለ እሱ ስትጠየቅ፣ «መርከብ ይሁን ሴት የወሰደው አላጣራሁም» ትላለች፤ ከዚያ ሌላ ወሬ ታነሣለች።

ካሜራ ያለው ስልክ ስትገዛ ዛፍ ላይ ይዛው ወጣች። ከመሬት የሚቀርጹት ወንዶች የሚያሳዩት የሰው ማጅራትና የተወዛወዘ ዱላ ነው። እሷ ሁለቱንም በሬዎች ከቀንድ እስከ ጅራት ታሳያለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቤት ውስጥ የተኛ ሕፃን እንዳለ ሁሉ፣ የምታየውን ትናገራለች። «አሁን ግራ ቀንዱን አስገባ። ያኛው አንገቱን ዝቅ አደረገ። ጠብቁ።» የፌስቡክ ገጿን «ዘይቱን ላይ» አለችው። ናይሮቢ ያሉ ልጆቻችን፣ ዶሃ በጥበቃ ሥራ ያሉት ሳይቀሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእሷ ዓይን አገራቸውን ያያሉ።

ኋላ ክብደት የሚባለው ነገር መጣ።

አንድ የናይሮቢ ማስታወቂያ ድርጅት በፌስቡክ የሚጽፉ ሰዎችን ተሰሚነት እየለካ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡን ክብደት ይለዋል። በየሳምንቱ ሰኞ በድረ ገጹ ይወጣል። ካዬጋ ውስጥ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቀው ይህንኑ ሆነ። የሙሆንጃ ሃምሳ ስምንት ነበር። የሉምባሲ ስልሳ ሦስት። ሉምባሲ ሌላው የፍልሚያ ተናጋሪ ነው። ድምፁ እንደ ወፍጮ ነው፤ ሕዝቡ መስማት የሚፈልገውን አስቀድሞ ያውቃል፣ ያንኑ ይናገራል።

በዚያ ዓመት አንድ የከብት ጨው ነጋዴ ኩባንያ የታኅሣሡን ትልቅ ፍልሚያ ወጪ ልሸፍን አለ። ማይክሮፎኑን የሚይዘው በኅዳር መጨረሻ ክብደቱ የበለጠ ሰው ይሆናል ተባለ። ሺቱሊ ሜዳ ላይ ማይክሮፎን የያዘች ሴት ኖራ አታውቅም። ሙሆንጃ ፈለገችው። በግልጽ ፈለገችው፤ ለጎረቤቷ ለካሳንዲ ነገረቻት። ካሳንዲ ከስፌት ማሽኑ አጠገብ ልባሽ ጫማ ትሸጣለች፤ ወፍራም ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ምሥጢር አትችልም። ማታ ገበያው ሁሉ ሰማ።

በጥቅምት የአባቷ በሬ ንጉሩሞ ከጎረቤቶቻችን ከኢዳኮዎች በሬ ከሻባ ጋር ገጠመ።

የከበሮው ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ግን የማያውቀው የለም። በሬው ወደ ሜዳ ሲመጣ ኢሱኩቲ የምንላቸው ሦስት ከበሮዎች ይመቱለታል። ቀንድ ለቀንድ ሲገናኙ ከበሮ ሁሉ ዝም ይላል። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሮጥ ያኔ የአሸናፊው ወገን ከበሮ ይጀምራል። የከበሮ መጀመር ፍርድ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አይከራከርም።

የዚያን ቀን ሁለቱ በሬዎች ብዙ ተገፋፉ። ሻባ የኋላ እግሩን ወደ ጎን ፈቀቅ አደረገ። የእኛ ወጣቶች ዞረ ብለው ጮኹ። የከበሮ መሪው ኢንጉቲያ እጁን አወረደ። ሦስቱ ከበሮዎች ልክ ከሻባ ጆሮ ሥር ፈነዱ፤ ሰዉ ዱላውን ይዞ ሜዳ ገባ፤ ሻባም ሮጠ። ንጉሩሞን ቅጠል አልብሰን እየዘፈንን ወሰድነው። ሽማግሌው ሺቫቺን ጎረምሶች በትከሻቸው ተሸከሟቸው። ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል፤ ያዩት ነገር አልነበረም። የሰሙት ግን የድል ከበሮ ነው። አለቀሱ።

ሙሆንጃ ከዛፉ ወርዳ ሱቋ ገባች። የቀረጸችውን ደጋግማ አየችው። ከዚያ እንዲህ ብላ ለጠፈች፦

«ንጉሩሞ አላሸነፈም። ሻባ እግሩን አስተካከለ እንጂ አልሸሸም። ያባረረው ከበሮው ነው። በሬው የአባቴ ነው፤ ሳሩን ያጨድኩለት እኔ ነኝ። ግን አላሸነፈም። ቪዲዮው ይኸው።»

ስድቡ ከመብረቅ ቀደመ። «ዛፍ ላይ የምታድር ወፍ ስለ በሬ ምን ታውቃለች?» አለ አንዱ። «ኢዳኮ ባል አግኝታለች፣ ጥሎሽ እየከፈለች ነው» አለ ሌላው። «ያ ዘይቱን ይቆረጥ!» ለዚህኛው አራት መቶ ሰው ላይክ ሰጠ። ኢዳኮዎች እንኳ አላመሰገኗትም። «ሻባ ከበሮ ይፈራል ልትይ ነው? የኛ በሬ መድፍ አይፈራም!» ብለው ዘመቱባት። ሉምባሲ የአባቷን ፎቶ ለጥፎ፣ «እኚህን አባት የምታሳዝን ልጅ አለች» ብሎ ጻፈ።

ሰኞ ክብደቷ ሰባ አንድ ሆነ።

ካሳንዲ ስልኩን አየች፣ ሙሆንጃን አየች። «ቆይ፣ ቆይ። ሰው ሲሰድብሽ ነው የምትወፍሪው?»

«ማሽኑ ስድብና ምርቃት አይለይም» አለች ሙሆንጃ። «ስሜ ስንት ጊዜ እንደተጠራ ነው የሚቆጥረው።»

«እሰይ! እንግዲያ እኔም ልስደብሽና ማይክሮፎኑን እንያዘው። አንቺ ጉድ! አንቺ የዛፍ ጦጣ! ይበቃል ወይስ ልጨምር?»

ሙሆንጃ ሳቀች። ግን ቀኑን ሙሉ ያሰበችው ሌላ ነገር ነበር። አባቷን አላነጋገረችም። ከመለጠፏ በፊት ልትነግራቸው ይገባ ነበር፤ አልነገረቻቸውም። በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሄደች። ሽማግሌው በረቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የንጉሩሞን ግንባር ያሻሹ ነበር።

«ባባ፣ ደኅና ዋሉ?»

«ደኅና ነኝ። አገር ምድሩ ልጅዎ እንዲህ አለች እያለ መጣ። ልጄ ብቻ አልመጣችም።»

«ጥፋቴ ነው፣ ባባ።»

«የጻፍሽው ጥፋት ነው ወይስ ያልነገርሽኝ?»

«ያልነገርኩዎት።»

እጃቸውን ከበሬው ግንባር አነሡ። በሬው ጭራውን ወዘወዘ። «እስቲ ያንን ነገር ስጪኝ።»

«ቪዲዮውን? ባባ፣ ዓይንዎ…»

«ማን ስለ ዓይን አወራ? ድምፁን ከፍ አድርጊና ጆሮዬ ላይ ያዥልኝ።»

ያዘችላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። የበሬዎቹ ትንፋሽ አለ፤ የቀንድ ፍጭት አለ። ከዚያ ከበሮ። ከከበሮው በኋላ የሚሮጥ ኮቴ።

«ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው።

«ከበሮው ቀደመ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንደ ዳኛ ነው የተናገሩት። «ኮቴው ኋላ ነው የመጣው። ሰው ትከሻ ላይ አውጥቶ አስለቀሰኝ፣ በሰው እጅ ሥራ!» በርጩማውን ይዘው ተነሡ። «አውራ ዶሮ ያዢልኝ። ቀዩን።»

በማግስቱ የሻባ ጌታ ደጅ ላይ ቀዩን አውራ ዶሮ በብብታቸው ይዘው ቆሙ። በእኛ ዘንድ አሸናፊ ዶሮ ይዞ አይሄድም፤ እንደገና ልግጠምህ የሚል የተሸነፈ ነው የሚሄደው። የሻባ ጌታ ይህን ሲያይ እጁን ዘርግቶ ዶሮውን ተቀበለ። ሁለቱ በሬዎች በታኅሣሡ ትልቅ ፍልሚያ እንዲደግሙ ተስማሙ። ኢሱካ ዘንድ ደግሞ ቁጣው ነደደ። ድላችንን አባትና ልጅ ተስማምተው መለሱት ተባለ። የሙሆንጃ ክብደት ሰባ ዘጠኝ ገባ።

ኢንጉቲያ ሱቋ ድረስ መጣ። ቀጭን ረጅም ሰው ነው፤ መዳፉ እንደ አካፋ ሰፊ ነው። አባቱም አያቱም የከበሮ መሪ ነበሩ።

«ከበሮዬን በአገር ፊት ሰደብሽ» አለ።

«ከበሮህን አልሰደብኩም። እጅህ ቸኮለ ነው ያልኩት። ና፣ ተመልከት፣ እዚህ ጋ…»

«ስልክሽን አላይም!»

«ለምን? ትፈራለህ?»

«እኔ? ስሚ፣ አንቺ ሴትዮ። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምራል፣ ሲይዙት ያደናግራል። ዛፍ ላይ ቁጭ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እታች ያለው ሰው ልቡ ይመታል። ሺህ ሰው ምታ ይለዋል።»

«አውቃለሁ» አለች ሙሆንጃ። «ለዚህ እኮ ነው መሪ የተባልከው። ሺህ ሰው ምታ ሲልህ እንዳትመታ።»

ኢንጉቲያ በሩን በኃይል መትቶ ወጣ። ካሳንዲ ከውጭ፣ «ቀስ! የበሩ ፍርድ ገና አልተሰጠም!» ብላ ጮኸችበት።

በኅዳር መጨረሻ ከናይሮቢ ሙቶኒ የምትባል የማስታወቂያ ድርጅቱ ሠራተኛ ደወለች። ሙሆንጃ ስልኩን ከስፌት ማሽኑ ላይ አስደግፋ ድምፁን ለቀቀችው፤ ካሳንዲም ትሰማለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አለች ሙቶኒ። «ሉምባሲ ስልሳ አራት ነው። ማይክሮፎኑ ያንቺ ነው።»

ካሳንዲ የጫማ ክምሯ ላይ ቆማ ደነሰች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ሙቶኒ። «ሰው የሚጠላውን ነገር የመናገር ተሰጥኦ አለሽ። ዝም ካልሽ ግን ክብደቱ ይወርዳል። ከፍልሚያው በፊት አንድ ሁለት ያንን የመሰለ ጻፊ። የአባቴ በሬ ፈሪ ነው በይ። ወይም ኢሱካ ሁሉ ሌባ ነው በይ። ሜዳው ይሞላል።»

«ፈሪ ግን አይደለም።»

«ማመን አያስፈልግም፣ የኔ እህት። ክብደት ነው የምንፈልገው።»

ሙሆንጃ መርፌውን ከጨርቁ ነቀለች። «ሰው የሚጠላው ሐሳብ አንድ ነው ያለኝ። እሱንም ጽፌዋለሁ።»

«አልገባኝም።»

«ሌላ የለኝም ማለቴ ነው። ያላየሁትን አልጽፍም።»

ሙቶኒ በትሕትና አስረዳቻት። ኩባንያው እንዲህ ከሆነ የሚያምነው ሉምባሲን ነው። እስከ ነገ ማሰብ ትችላለች። ሙሆንጃ ማሰብ እንደማያስፈልጋት ነገረቻት፤ አመስግና ዘጋች።

ካሳንዲ ከጫማ ክምሩ ወረደች። «ከልጅነትሽ የተመኘሽውን ማይክሮፎን! ሰባ ዘጠኝ ነሽ እኮ! ሰው ሰባ ዘጠኝ ሆኖ እንዲህ ይላል?»

«ሰባ ዘጠኝ ምንድን ነው? ይኼ ሁሉ ሰው ስሜን ጠራ፣ አንድስ በቃሌ ያደረገው ነገር አለ? ታኅሣሥ ላይ ያ ከበሮ እንደገና ቀድሞ ከተመታ ሰባ ዘጠኙን ገደል ጣይው። ዝም ካለ ግን፣ ካሳንዲ፣ ያኔ ተሰሚ ነሽ በይኝ።»

«ኢንጉቲያ ነው ዝም የሚለው? እሱ ሲተኛም እኮ አልጋውን ይመታል ትላለች ሚስቱ።»

የፍልሚያው ጠዋት ጭጋግ ነበር። ሙሆንጃ ወደ ዘይቱኗ ስትደርስ የታችኞቹ ቅርንጫፎች በቆንጨራ ተቆርጠዋል። ፌስቡክ ላይ የዛተው ሰው ቃሉን ጠብቋል። ካሳንዲ ጫማዋን አውልቃ ከግንዱ ሥር ተንበረከከች።

«ነይ፣ ትከሻዬ ላይ ውጪ። ወይኔ ጀርባዬ! ይኼ ክብደት የሚባለው ነገር ለካ እውነት ነው!»

ከላይ ሆና ሜዳውን አየችው። ጨው ነጋዴዎቹ ያመጡት ጭነት መኪና ላይ ሉምባሲ ማይክሮፎኑን ይዞ ይጮኻል። ስታየው ቆጭቷት እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ስልኳን አወጣች። አባቷ በሜዳው ጠርዝ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ መሬት፣ ጆሮአቸውን ወደ ሜዳው ሰጥተው ቆመዋል። ኢንጉቲያ ከበሮውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ከፊት ነው።

በሬዎቹ ገቡ። ቀንድ ለቀንድ ተገናኙ። ከበሮዎቹ ዝም አሉ።

ሻባ በጥቅምት ከነበረው ከብዷል። ንጉሩሞን ገፋው። ንጉሩሞ እግሩን ጭቃው ላይ ተክሎ ቆመ፤ እንደገና ተገፋ። ሰኮናው በእርጥቡ ሣር ላይ ቦይ ከፈተ። የእኛ ወገን ትንፋሹን ዋጠ። በሬያችን እየተሸነፈ ነው፤ ከዛፍ ላይም ከመሬትም ይታያል።

በዚያች ቅጽበት ሻባ የኋላ እግሩን ወደ ጎን ፈቀቅ አደረገ። ልክ እንደ ጥቅምቱ።

«ዞረ!» አለ ሉምባሲ በማይክሮፎኑ። «ሻባ ዞረ! ኢሱካ፣ ምንድን ነው የምትጠብቁት?»

«ምታ!» አሉ ወጣቶቹ። «ምታ ኢንጉቲያ! ምታ!» ሜዳው ሁሉ ይህን አንድ ቃል ሆነ። ሦስቱ ከበሮዎች አሁን ቢመቱ ሻባ እንደሚደነግጥ የማያውቅ አልነበረም። ንጉሩሞ ይድናል። ድሉ የእኛ ይሆናል። የከበሮን ፍርድ ደግሞ ማንም አይከራከርም።

ኢንጉቲያ እጁን አነሣ። ሙሆንጃ ስልኩን ከበሬዎቹ ላይ አንሥታ ወደዚያ እጅ አዞረችው። ከዚያ በፊት ካሜራዋን ከበሬ ላይ አንሥታ አታውቅም።

እጁ ወረደ። ግን አልመታም። መዳፉን ከበሮው ቆዳ ላይ ዘርግቶ አስቀመጠው፤ ሕፃን የሚያስተኛ ይመስል ተጫነው። ግራ ቀኝ ያሉት ሁለቱ ከበሮ መቺዎች ዓይተውት እነሱም መዳፋቸውን ጣሉ። «አንተ ከሃዲ!» ብሎ አንድ ጎረምሳ በጀርባው ገፋው። ኢንጉቲያ አልተነቃነቀም።

ሻባ እግሩን ተከለና ገፋ። ንጉሩሞ ዞረ። ጀርባውን ሰጥቶ በበቆሎ ማሳው መሐል ሮጠ። አገዳው ሲሰባበር በዚያ ዝምታ ውስጥ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ነው የኢዳኮዎች ከበሮ የጀመረው።

ሽማግሌው ሺቫቺ ቀና አሉ። «ኮቴው ቀደመ» አሉ። የሻባን ጌታ በእጃቸው ዳብሰው አገኙትና ትከሻውን ጨበጡ። «አሁን አሸነፍክ።»

«እርስዎ ባይመጡ ምን ነበረኝ፣ ሽማግሌው?» አለ ሰውዬው። «ዶሮውን አላረድኩትም። ቤት አለ። ሲነጋ ሲነጋ ስምዎን ይጠራል።»

«ጥራኝ በለው። ቀይ ዶሮ ጉረኛ ነው፣ እንደ እኔ ዘር» አሉ። ወደ ዘይቱኑ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ በፍልሚያ ጠዋት የሴት ልጃቸውን ስም በዚያ ሜዳ ላይ ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነበር። «ሙሆንጃ! አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ፣ ባባ!»

«በይ ተናገሪ። እኔ አላይም። ሰውም ይስማ።»

ሉምባሲ ማይክሮፎኑን ወደ ታች አውርዶት ነበር። ሙሆንጃ ካላንዳች ማይክሮፎን፣ ከቅርንጫፉ ላይ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። ንጉሩሞ እንዴት እንደቆመ፣ የት ላይ እንደተንሸራተተ፣ ስንት ጊዜ ጭቃው ላይ እንደገና እግሩን እንደተከለ። ስለ ኢንጉቲያ እጅም ነገረቻቸው። የኢዳኮ ሰዎች ከበሮአቸውን አቆሙ። ሰዉ ቀና ብሎ ሰማ፤ ስትጨርስ ቀስ እያለ ተበተነ።

ልትወርድ ስትል ካሳንዲ የለችም፤ የኢዳኮን ጭፈራ ልታይ ሮጣለች። ከዛፉ ሥር የቆመው ኢንጉቲያ ነው።

«ደስ አለሽ?» አለ ወደ ላይ እያየ። «በሬያችንን አስበላሽን።»

«ንጉሩሞ ማሳ ውስጥ በቆሎ እየበላ ነው። ከዚህ ይታየኛል።»

«ከዚያ የማይታይሽ ነገር የለም መቼም።» ከበሮውን ከአንገቱ አውጥቶ ራቅ አድርጎ ሣር ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ ቆመ። «በይ ውረጂ። ትከሻዬን ርገጪ። ከበሮዬን እንዳትረግጪ ብቻ።»

የዚያን ዕለት ገጿ ላይ የጻፈችው አጭር ነው። «ንጉሩሞ ተሸነፈ። ማንም እጁን አላስገባም።» የተሳደበ የለም። የሚሳደብበት ነገር አልነበረውም። በቀጣዩ ሰኞ ክብደቷ ስልሳ ሆነ፤ ካሳንዲ ስልኩን ዘርግታ አሳየቻት፤ ሙሆንጃ የዩኒፎርም ኮሌታ እየገለበጠች ነበርና አላየችውም።

ንጉሩሞን ሥጋ ነጋዴ ሊገዛው መጣ። ሽማግሌው ሺቫቺ አልሸጡትም። በረቱ ደጃፍ ተቀምጠው ለሚመጣው ሰው ሁሉ ስለ በሬው ያወሩለታል። ስለ ጥቅምቱ አያነሡም። የሚተርኩት የተሸነፈበትን ቀን ነው፤ እሱንም ከዛፍ ላይ እንደተነገራቸው፣ ቃል ሳይጨምሩ።